ሁለተኛው ፍሬን

የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ መኪና ሁለት ፍሬን አለው። አንዱ በተማሪው እግር ሥር ነው፣ ሌላው በአሰልጣኙ። ተማሪው ደንግጦ ነዳጅና ፍሬን ሲምታታበት አሰልጣኙ ከጎኑ ሆኖ ይረግጣል፤ መኪናው ይቆማል፤ ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል። በማሰልጠኛው ውስጥ ይህን ሁለተኛ ፍሬን ከማንም በላይ የምትጠቀመው አንዲት አሰልጣኝ ስለነበረች ባልደረቦቿ ስም አውጥተውላታል። "ፍሬኗ" ይሏታል። ስሙ አያስከፋትም። እስከ ዛሬ መኪናዋ አጥር ነክቶ አያውቅም፤ ይህን ስትናገር ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አታደርግም።

የራሷ ዘዴ ነበራት። ሌሎቹ አሰልጣኞች የሚረግጡት ነገሩ ከባሰ በኋላ ነው። መኪናው ይንገጫገጫል፣ ተማሪው ግንባሩ መስታወት ሊነካ ይደርሳል፣ ቁጣም ይከተላል። እሷ ግን ቀደም ብላ፣ በጫማዋ ጫፍ፣ ትኩስ ብርጭቆ እንደምትነካ ሴት ቀስ ብላ ትነካዋለች። መኪናው ይቀዘቅዛል። ተማሪው ራሱ ያቀዘቀዘው ይመስለዋል። ማንም አይደነግጥም፤ ከሁሉ በላይ እሷ አትደነግጥም። ዋናው ነገር ይሄ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ልቧ ቀድሟት የሚሮጥ ሰው ናት፤ በዚያ መኪና ውስጥ ግን ልቧ ሲሮጥ የሚያቆመው ነገር እግሯ ሥር አለ።

በዚያ ሰሞን ከተማሪዎቿ ሁሉ የምትወደው አንድ ሸምገል ያሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሴት ልጃቸው አሮጌ መኪናዋን ትታላቸው ሄዳ፣ መኪናው በር ላይ ቆሞ አቧራ ሲጠጣ ማየት ስላልቻሉ ነው ለመማር የመጡት።

"ዕድሜ ልኬን በእግሬ መኪና ስነዳ ነው የኖርኩት" ይላሉ፤ የስፌት መኪናቸውን ማለታቸው ነው። "ይሄኛው የሚለየው ከቦታው መነቃነቁ ብቻ ነው።"

"ጋሼ፣ ወደ ቀኝ ልንታጠፍ ነው። ፍሬቻ ያሳዩ።"

"አሳየሁ እኮ።"

"ያሳዩት የዝናብ መጥረጊያውን ነው።"

"እንግዲያው ዝናብ ከመጣ ተዘጋጅተናል።"

ማቆሚያው መስመር ላይ ሲደርሱ እግራቸውን ፍሬኑ ላይ አሳረፉ፤ መኪናው ለስለስ ብሎ ቆመ። ዘወር ብለው በኩራት አዩዋት። "አየሽ? እንደ ሐር።"

"ጎበዝ ጋሼ" አለቻቸው። የጫማዋ ጫፍ ገና ከፔዳሉ ላይ አልተነሳም ነበር።

ችግሩ ቤት ውስጥ ሁለተኛ ፍሬን አለመኖሩ ነው።

ሴት ልጇ ሚጡ ስምንት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ከተከፈተ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሆዷን ያማታል። ሐኪም አይቷት ሆዷ ደህና ነው ብሏል። ሆዷ ደህና ቢሆንም ያማታል፤ ውሸት አይደለም። ስሟ ሲጠራ ድምፅዋ ይጠፋል፣ እጇ ይቀዘቅዛል፣ ክፍሉ በሙሉ እያያት ይመስላታል። እናት ይህን በሚገባ ታውቀዋለች፤ ከማንም አልሰማችውም፣ ከራሷ ነው የምታውቀው። ስለዚህ እንደሚያውቅ ሰው ቀድማ ትደርሳለች። ልጅቷ ዓይኗን ስትገልጥ "ሆድሽን አመመሽ እንዴ?" ትላታለች። ለመምህሯ ቀድማ ትደውልና "ዛሬ ባትጠይቂያት" ትላለች። ክፍሉ በር ድረስ ትሸኛታለች፤ ከዚያም ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ፣ ልጇ በመስኮት እንድታያት አንገቷን ቀና አድርጋ፣ የሥራዋ ሰዓት እስኪደርስ ትጠብቃለች።

ባሏ በያጅ ነው። ቀኑን ሙሉ እሳት ፊቱ ላይ ሲፈነጥቅ ስለሚውል ነው መሰለኝ የሚያስፈራው ነገር ጥቂት ነው።

"አንቺ ሴት፣ ልጅቷ እኮ ትምህርት ቤት ናት እንጂ ጦር ሜዳ አይደለችም።"

"አንተ ምን አለብህ። አንተን ሆድህን ሲያምህ ስለበላህ ነው።"

"እሱም እውነት ነው" ይላል፤ ተጨማሪ ዳቦ ይቆርሳል። ደግ ሰው ነው፤ ግን ፍርሃትን እንደ ዝናብ ያስበዋል፣ ዝም ብለህ ካሳለፍከው ያባራል ብሎ።

አንድ ማለዳ መምህሯ አግዳሚው አጠገብ መጥታ ጎኗ ተቀመጠች። ወጣት ናት፤ ቃሏን መርጣ ነው የተናገረችው።

"ከሰኞ ጀምሮ ወላጅ ኮሪደር ውስጥ እንዳይቀመጥ ዳይሬክተሩ ከልክለዋል። አንቺን ብቻ አይደለም። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ለሚጡም ሳይሻል አይቀርም።"

"ካልገባችስ?"

"ካልገባች አብረን እናስባለን። ትምህርቱ ግን እየሄደ ነው። እስካሁን አንድም ጊዜ ስታነብ አልሰማኋትም። ይሄ ዓመት እንዳያመልጣት እፈራለሁ።"

መምህር እፈራለሁ ስትል እናት ሰምታ አታውቅም፤ ከአግዳሚው ተነሳች። ወደ ሥራዋ ስትሄድ እጇ ቀዝቅዞ የመኪናውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ጣለችው። ሰኞ ልጇ በሩ ላይ ስትንቀጠቀጥ፣ እሷም ከውጭ ሆና ስትንቀጠቀጥ በሐሳቧ ታያት። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚለው ተረት ለእሷ የተተረተ መሰላት።

በዚያው ሳምንት ልብስ ሰፊው ተፈተኑ፤ ወደቁም።

እሷ ከአጥሩ ማዶ ሆና ታይ ነበር። አነሳሳቸው ጥሩ ነበር፤ ማርሽ አቀያየራቸው፣ ስፖኪዮ አስተያየታቸው እንከን የለውም። ማቆሚያው መስመር ላይ ሲደርሱ እግራቸው እንደ ልማዱ ፍሬኑ ላይ ሲያርፍ ታወቃት፤ ፊታቸው ላይ ያ የሐር ፈገግታ መጣ። መኪናው ግን አልቆመም። መስመሩን አለፈ፣ ከማዶው የቆመውን ብርቱካናማ የፕላስቲክ ኮን ገጨ፣ ኮኑን ከፊቱ እየገፋ ትንሽ ከሄደ በኋላ ፈታኙ ረገጠውና ቆመ።

ፈታኙ ወርዶ ወደ እሷ መጣ። የድሮ ባልደረባዋ ነው።

"መሪ አያያዛቸው ግሩም ነው። ፍሬን ግን አያውቁም። ይዳብሱታል እንጂ አይረግጡትም። መኪና በራሱ የሚቆም ነው የሚመስላቸው። ማን እንዲህ አድርጎ አስተማራቸው?" አለና ማን እንዳስተማራቸው ትዝ ሲለው ጉሮሮውን ጠረገ።

እሷ ቀኝ እግሯን እያየች ነበር።

ልብስ ሰፊው አጥሩ ጥግ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ኮፍያቸውን ያገላብጣሉ። "መኪናው ነው" አሉ ስትደርስ። "የነሱ መኪና ፍሬኑ ደህና አይደለም። የኔና ያንቺው እንዲህ አያደርግም።"

ዝም ማለት ትችል ነበር። መኪናው ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር።

"ጋሼ፣ የኛ መኪና ሲቆም የነበረው እኔ ስለምረግጥ ነው።"

"ምኑን?"

"ከእኔ በኩል ያለውን ፍሬን። እርስዎ ሲረግጡ እኔም ቀስ አድርጌ እረግጥ ነበር። እንዳይደነግጡ ብዬ ነው።"

ሽማግሌው ኮፍያቸውን ማገላበጥ ተዉ። "ስለዚህ እስከ ዛሬ ያቆምኩት እኔ አይደለሁም።"

"ሁለታችንም ነን።"

"ሁለታችንም አትበይ፣ ልጄ። ይሄ እኮ ሚስቴ ተደብቃ ስትሰፋው ያደረችውን ሱሪ፣ እኔ ሰፋሁት ብዬ ለደንበኛ በኩራት እንደማስረከብ ነው።" ኮፍያቸውን አደረጉ። "ደግሞ እኮ አልደነገጥኩም ነበር። የደነገጥኩት ዛሬ ነው።"

ተነስተው ጥቂት ራመድ አሉና ዘወር አሉ። "ቅዳሜ እመጣለሁ። ያንን እግርሽን ግን ቤት ትተሽው ነይ።"

ቅዳሜ ባሏ የአንድ ቤት በር ለመበየድ ስለወጣ ሚጡን የሚይዝላት ሰው አልነበረም። ይዛት ሄደች። መለማመጃው ሜዳ ሰፊ ነው፤ በዚያ ጠዋት ከነሱ በቀር መኪና አልነበረም፣ አጥሩም ሩቅ ነው። ልጅቷን ከኋላ አስቀምጣ ቀበቶዋን አሰረችላት።

"ረዳት ይዘሽ መጣሽ?" አሉ ልብስ ሰፊው በስፖኪዮ እያዩ። "እሷም ፍሬን አላት?"

ሚጡ ከእናቷ ወንበር ኋላ ተደበቀች። ሽማግሌው ዳግመኛ አልጠየቋትም፤ ለዚህ እናት በሆዷ አመሰገነቻቸው።

ከዚያ ጫማዋን አወለቀች። ሁለት እግሮቿን ወንበሩ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች። እጇን የእጅ ፍሬኑ አጠገብ አሳረፈች።

"የእጅ ፍሬኑ እዚህ አለ" አለች። "የምር አደጋ ከመጣ እስበዋለሁ። ኮን መግጨት ግን አደጋ አይደለም። ለኮን ብዬ ምንም አላደርግም።"

"ለኮን ነው ወይስ ለእኔ የምታዝኚው?"

"ለሁለታችሁም አላዝንም። ይንዱ።"

የመጀመሪያውን ኮን ገጩት። ሁለተኛውን አለፉትና መስመሩ ላይ እጅግ አጥብቀው ከመርገጣቸው የተነሳ እናትና ልጅ ወደፊት ተወረወሩ፣ ቀበቶው መለሳቸው፤ ሞተሩም ጠፋ።  የእናት ቀኝ እግር ከሥሯ ለመውጣት ይታገላል፤ በጉልበቷ ተጭና ይዛዋለች። መኪናው ሲነሳ ኮኑ እየቀረበ ሲመጣ ትንፋሿን ትይዛለች፣ ከዚያ መያዟ ሲታወቃት ትለቀዋለች።

"እማዬ" አለች ሚጡ ከኋላ፣ በዝግታ። "ፈርተሻል?"

አልፈራሁም ሊሆን ነበር መልሷ። ሁልጊዜ መልሷ እሱ ነው። ኮሪደሩ ውስጥ አንገቷን ቀና አድርጋ ስትቀመጥ የምትለው እሱን ነው፤ ልጅቷ ግን መቼም አምናት እንደማታውቅ አሁን ገባት።

"አዎ። ፈርቻለሁ።"

"እጅሽ ቀዝቅዟል?"

"ንኪው።"

ትንሽ እጅ በሁለቱ ወንበሮች መሃል መጣችና ነካቻት። "እንደኔ ነው" አለች ልጅቷ፤ በድምፅዋ ውስጥ ያለው ግርምት ብቻ ነበር።

"እንዳንቺው ነው።"

"ታዲያ ለምን አትረግጪውም?"

"እኔ ከረገጥኩ ጋሼ ማቆም አይማሩማ።"

"እኔም ፈርቻለሁ" አሉ ልብስ ሰፊው መሪውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ። "ማንም ስላልጠየቀኝ ነው።"

ሚጡ ሳቀች። እንግዳ ሰው ፊት ስትስቅ እናቷ ከሰማች ቆይታለች።

ከዚያ በኋላ መኪናው በቆመ ቁጥር ሚጡ እየወረደች የወደቀውን ኮን ታቆም ጀመር። ኮኑን አንስታ አቧራውን ታራግፍና እንደ ነበረ ታስቀምጠዋለች፤ አንዱም አልተሰበረም፣ አንዱም አልተጣመመም። ሽማግሌው አንዴ አጥብቀው እየረገጡ፣ አንዴ እያላሉ፣ በመጨረሻ ፍሬኑ የሚይዝበትን ቦታ በእግራቸው አገኙት። መስመሩ ላይ ሲቆሙ መኪናው ትንሽ ነቅነቅ አለ። ሐር አልነበረም።

"አቡጀዲ ነው" አሉ። "ግን የኔ አቡጀዲ ነው።"

ወደ ቤት ሲሄዱ ሚጡ ዝም ብላ ቆየችና ድንገት ጀመረች።

"እማዬ፣ ጠዋት ሆድሽን አመመሽ ወይ ስትዪኝ፣ ያኔ ሆዴን አስበዋለሁ። አንዳንዴ እኮ አላመመኝም ነበር።"

እናት የመንገዱን ጠርዝ እያየች ነዳች። ዓይኗ እርጥብ ነው፤ ግን አሁን ማልቀስ ልጅቷን ዝም ማሰኘት እንደሆነ አውቃለች። "አንዳንዴስ?"

"አንዳንዴ ሳትጠይቂኝም ያመኛል። በተለይ ቲቸር ስም ስትጠራ።"

"እሺ። ያኔ ምን ታደርጊያለሽ?"

"አንቺን በመስኮት አያለሁ። አንቺ ደግሞ ፊትሽ..." ልጅቷ ፊቷን አኮማትራ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ አንገቷን መዘዘች። ልክ እናቷን። እናት መንገድ ዳር አቁማ እስኪደክማት ሳቀች፤ ሳቁ ውስጥ ትንሽ እንባም ነበር፣ ሚጡ ግን አልደነገጠችም።

"በቃ ሰኞ ያ ፊት አይኖርም" አለች እናት። "ኮሪደር ውስጥ አልገባም። ከበሩ ውጭ እቀመጣለሁ። ክፍልሽ ስትገቢ አይቼ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ለመምህርሽም አልደውልላትም፤ ከጠየቀችሽ ጠየቀችሽ።"

"ብወድቅስ? ማለቴ፣ ድምፄ ቢጠፋስ?"

"ኮን ነው። አንስተሽ ታቆሚዋለሽ።"

ሚጡ አሰበች። "የምር አደጋ ቢሆንስ?"

"ቲቸር የእጅ ፍሬን ናት። ትደውልልኛለች፣ እመጣለሁ።"

"እሺ። ግን እግርሽን አጣጥፈሽ ነው የምትቀመጪው።"

"ሰው ሁሉ እያየኝ?"

"እኔንስ ክፍል ውስጥ ሰው ሁሉ አይደል የሚያየኝ?"

እናት እሺ ብላ ሞተሩን አስነሳች።

ሰኞ ጠዋት እናት ሻይ ቀዳች፣ እንቁላል ጠበሰች፣ የልጇን ፀጉር ሠራች፤ ስለ ሆድ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ጥያቄው ምላሷ ጫፍ ላይ ሲመጣ በዳቦ ትመልሰዋለች።

ባሏ ግራና ቀኝ አየ። "ዛሬ በዚህ ቤት ሆድ የሚባል ነገር የለም እንዴ?"

ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው።

"እማዬ፣ ረገጥሽ" አለች ሚጡ።

"አባትሽ ኮን አይደለም። ግድግዳ ነው። ለግድግዳ ይረገጣል።"

ባልየው ምንም አልገባውም፤ ግን ሁለቱም ሲስቁ አይቶ አብሮ ሳቀ፣ እግሩንም አሸት አሸት አደረገ። ለመውጣት ሲነሱ ልጁን ግንባሯን ሳመና "እኔም እኮ መጀመሪያ እሳት ያስነካሁ ቀን ብረቱን ጥዬ ሮጫለሁ" አላት። ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም ነበር፤ ሚስቱ ደጅ ላይ ዘወር ብላ እንደ አዲስ ሰው አየችው።

ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ ዝቅ ያለ የግንብ አጥር አለ። እናት እዚያ ላይ ወጥታ ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን አጣጠፈች። የሚያልፉ ሰዎች አዩዋት። ሚጡ ቦርሳዋን አስተካክላ፣ እግሯ መጣጠፉን አረጋግጣ፣ ገባች።

ግቢው መሃል፣ የውሃ ቧንቧው አጠገብ ስትደርስ ቆመች። አንድ እጇ ወደ ሆዷ ሄደ። ልጆች በግራና በቀኟ እየሮጡ ያልፏታል።

የእናት ቀኝ እግር ከሥሯ ወጣ። መሬት ሊነካ ሲል መልሳ ሰበሰበችው። ቀዝቃዛ ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ አቆላልፋ እንደተቀመጠች ቆየች።

ልጇን ሸኝታ የምትመለስ አንዲት ሴት አጠገቧ ቆመች። "ያቺ ያንቺ ልጅ አይደለችም? ቆማ ቀረች እኮ። ሂጂላት እንጂ።"

"እያየሁ ነው" አለች እናት። "ራሷ ነች ያቆመችው። ራሷ ታስነሳዋለች።"

ሴትየዋ የተጣጠፈውን እግር አየች፣ ባዶ ጫማዎቹን አየች፣ መንገዷን ቀጠለች።

ሚጡ ቧንቧውን ከፈተች። እጇን ታጠበች፣ ምናልባት ለመታጠብ ሳይሆን ቅዝቃዜውን በቅዝቃዜ ለመርሳት። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ከዚያ ቦርሳዋን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ሄደች፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ በኋላ እንደ ማንኛውም ልጅ። ክፍሉ በር ላይ መምህሯ እጇን አልዘረጋችላትም፤ መንገድ ብቻ ለቀቀችላት። ልጅቷ ገባች። ዘወር ብላ አላየችም። አለማየቷ እናትን ትንሽ ከፋት፤ መክፋቱን ራሷ ታዘበችውና ፈገግ አለች።

ጫማዋን አድርጋ ተነሳች። ወደ ሥራዋም ሄደች።

ማሰልጠኛው በር ላይ ልብስ ሰፊው መሪውን ይዘው ይጠብቋታል። ዛሬ የመንገድ ልምምድ ስለሆነ ጫማዋ እግሯ ላይ ነው፣ ሁለተኛው ፍሬንም ከሥሯ። እግሯን ግን ከፔዳሉ ራቅ አድርጋ ወለሉ ላይ አሳረፈችው።

"እንዴት ነሽ፣ አሰልጣኝ?"

"ፈርቻለሁ ጋሼ። ደህና ነኝ።"

"እኔም እንዲሁ" አሉና ማርሽ አስገቡ።

ከመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ በግራ ቢታጠፉ የትምህርት ቤቱ አጥር ይታያል። ከሱም ወዲያ የሁለተኛ ክፍል መስኮቶች አሉ። ስልኳ ጉልበቷ ላይ ዝም ብሏል። መስመሩ ቀረበ። እሷ እግሯን አላነሳችም፤ ሽማግሌው ረገጡ፣ መኪናው ትንሽ ነቅነቅ ብሎ መስመሩ ላይ ቆመ።

"በየትኛው ነው? በግራ አይደል የምንሄደው ሁልጊዜ?"

እናት መስኮቱን ወደ ታች አወረደች፤ ነፋስ ገባ።

"ዛሬ በቀኝ ነው" አለች።

ልብስ ሰፊው ፍሬቻ አሳዩ። ትክክለኛውን ነበር።